ያልተረጎምኩት

የቃል ደላላ ነኝ፤ ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ ጆሮ አሻግሬ፣
ማታ ማታ ቤቴ የምገባ፣ የቀን አበሌን ቆጥሬ።

ሪዜ ነው ቦታው፤ ዝናብ በማያባራበት ተራራ፣
ከጃፓን አንድ መሐንዲስ መጣ፣ ዋሻ ሊያሠራ።
ኩሮዳ ይባላል፤ ቀጭን፣ ኮቴው የማይሰማ፣ ጠንቃቃ፣
እርሳሱን እንኳ ሲቀርጽ ፍቅፋቂውን የሚይዝ በዕቃ።
ማደሪያ ያገኘንለት ከሃጀር ሃኒም ዘንድ ነበር፣
ባሏን ጥቁር ባሕር ከበላባት፣ ከሻይ ማሳው ዳር።

ደጃፍ ላይ ተስማሙ፤ የሁለቱም አገር ሰው ጫማ ያወልቃል።
«እሰይ» አልኩ በልቤ፣ «የሥራዬ ግማሽ አልቋል»።

ሻይ መጣ፤ ብርጭቆው ወገበ ቀጭን፣ ጣት ያቃጥላል ግለቱ፣
«የጥንቸል ደም» እንለዋለን፣ በደንብ ሲቀላ ፍላቱ።
ጠጣ። ሞላችለት። ጠጣ። ሞላችለት። ጠጣ።
አምስተኛው ላይ ግንባሩ ላብ አወጣ።
እሱ፣ የቀረበን መተው ነውር ነው ተብሎ አደገ፤
እሷ፣ ባዶ ብርጭቆ ስታይ፣ «እንግዳዬ ፈለገ»።
«በቃኝ» የምትለው ምልክት እኛ ዘንድ ትንሽ ናት፤
ማንኪያን ከብርጭቆው አፍ ላይ አግድም ማስተኛት።

አውቅ ነበር።
ዝም አልኩ።
የተቀጠርኩት ለቃል ነው፤ ለማንኪያ ማን ከፍሎኝ? አልኩ።
ደግሞም፣ ካልዋሸኋችሁ፣ በሆዴ ሣቅኩ።

አሥራ አንድ ብርጭቆ! ሌሊቱን ሙሉ የእንጨት ደረጃው ተንቋቋ፤
ወደ ጓሮ ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ ጎረቤት ሁሉ ነቃ።
ጠዋት ከዋሻው አፍ፣ «ሴትዮዋን በምን በደልኳት?» ሲል ጠየቀኝ፤
እሷም ባጥር ላይ፣ «አገሩ ውሃ የለም እንዴ? አንጀቴን በላው» አለችኝ።
ለሁለቱም «ደህና ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

የጫማውስ ነገር! ሲያወልቅ፣ ዞር ብሎ፣ ተንበርክኮ፣
አፍንጫቸውን ወደ ውጭ ያቆማል፣ ጎን ለጎን አስታክኮ።
እሱ ዘንድ ይህ ጨዋነት ነው፤ እሷ ግን ነገሩ ከበዳት፤
«ገና ሲገባ መውጫውን ያያል፤ ቤቴ ምን ጎደላት?»
ሌሊት በካልሲ ትወርድና ወደ ውስጥ ታዞራቸዋለች፤
ማታ እሱ ወደ ውጭ፤ ሌሊት እሷ ትመልሳቸዋለች።
አርባ ሌሊት፤ ጫማ ለጫማ፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ነገረ ፈጅ፣
ማንም «ተርጉም» አላለኝ፤ እኔም አላነሣሁ እጅ።

ከሁላችን የተሻለችው ፌርዳ ናት፣ የልጅ ልጇ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
አንድ ማታ፣ ሰባተኛው ብርጭቆ ላይ፣ ትዕግሥቷ አለቀ።
ማንኪያውን ከእጁ ነጥቃ ብርጭቆው ላይ አጋደመችና፣
«እንዲህ ነው!» አለችው፣ ሰነፍ ተማሪ እንደምታስጠና።
ኩሮዳ እንደ ድልድይ ፕላን ማንኪያዋን አያት፣ አጎንብሶ፤
ያለፈው ሌሊት ሁሉ ገባው፤ ሣቀ፣ መነጽሩን በእንባ አርሶ።

በማግሥቱ በሁለተኛው፣ ኮራ ብሎ፣ ማንኪያዋን አስተኛ።
የሃጀር እጅ ከነማንቆርቆሪያው አየር ላይ ቀረ፣ ብቸኛ።
ትክክል ነበር፤ እንከን የለውም ምልክቱ፤
ግን ባሏ ከቀረ ወዲህ፣ እንደዚያ የጠጣላት የለም በቤቱ።

አየ።
ድምፅ ሳያሰማ፣ በሁለት ጣቱ፣
ማንኪያዋን ከሳሕኑ ዳር መለሳት።
እሷም ቀዳች።
አራተኛው ላይ ቆሙ፤ ማን እንዳቆመ አላየሁም፤
አራት፣ የእሱም አገር ቁጥር አይደለም፣ የእሷም።

የሄደ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ መኪናዬን ከደጅ አቁሜ፣
ሻንጣውን ልቀበል ስገባ፣ ደጃፉ ላይ ቀረሁ ቆሜ።
ጫማዎቹ ጭቃቸው ተጠርጎ፣ ማሰሪያቸው ላልቶ፣
አፍንጫቸው ወደ መንገዱ ነበር፤ የእሷ እጅ ነክቶ።

ኩሮዳ ወርዶ አያቸው። ብዙ ቆየ፤ እግሩን አላስገባም።
እሷ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች፤ «ደህና ግባ» አላለችም።
ወደ እኔ ዞረ፤ «ምን ማለቷ ነው?» ሊል መሰለኝ፤
ተወው።
ወገቡ እስኪታጠፍ ዝቅ አለላት፤
እሷም፣ ማን እንዳስተማራት እንጃ፣ ጎንበስ አለችለት።

ያን ቀን አበሌን ሙሉውን ተቀበልኩ፤
አንዲት ቃል አልተረጎምኩ።